ጥይት ሳያባክኑ ዒላማን ማረም፦ ደሴ ላይ ብቻዬን የተለማመድኩበት መንገድ

ደሴ ከተማ በአንድ ድርጅት ውስጥ በጥበቃ ሥራ የምተዳደር ሰው ነኝ። የተቀጠርኩት የራሱ መሣሪያ ያለው ጥበቃ ሆኜ ሲሆን፣ የምይዘውም ከአባቴ በሕጋዊ መንገድ የተላለፈልኝና ፈቃድ ያለው ቤልጅግ ጠመንጃ ነው። ከጣሊያን ወረራ በፊት ባሉት ዓመታት መንግሥት ካስመጣቸው ጠመንጃዎች ወገን በመሆኑ በዕድሜ ከእኔ እጅግ ይበልጣል፤ ቢሆንም በደንብ ከተያዘ ዛሬም ከብዙ ተኳሾች የተሻለ ቀጥ ብሎ ይመታል። በእንዲህ ያለ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ሁሉ የምንጋራው ችግር አለ። መሣሪያውን በየቀኑ እንይዘዋለን፣ እንወለውለዋለን፣ በትከሻችን እናነግተዋለን፤ የምንተኩሰው ግን ፖሊስ በሚያዘጋጀው የልምምድ ቀን ብቻ ነው፣ እሱም በጥቂት ጥይት። ጥይት ውድ ነው፣ በእጅ የሚያዘውም የተወሰነ ነው፣ ማንም ሰው ገብቶ የሚለማመድበት የተኩስ ሜዳም በአቅራቢያችን የለም። በዚህ ምክንያት ብዙዎቻችን ዒላማ ማለት የተፈጥሮ ስጦታ ነው ብለን ትተነዋል።

እኔ በተቃራኒው የማምነው፣ ጥይትን ከዒላማው የሚያስወጣው ጥፋት በአብዛኛው የሚፈጸመው ጥይቱ ከመውጣቱ በፊት ባለችው እጅግ አጭር ጊዜ ውስጥ መሆኑን ነው። ቃታው ተለቆ ጥይቱ አፈሙዙን እስኪለቅ ድረስ የሚያልፈው የሰከንድ መቶኛ ገደማ ነው፤ በዚያች ጊዜ ጣት፣ ትከሻና ዓይን የሠሩትን ነገር ፍንዳታውና ርግጫው ወዲያው ይሸፍኑታል። ሰውዬው ወረቀቱ ላይ የሳተውን ቀዳዳ ያያል እንጂ ለምን እንደሳተ አያይም። እንግዲህ የመለማመጃ መሣሪያ ዋጋ መለካት ያለበት ያችን ጊዜ ገልጦ በማሳየቱ ነው፤ በዚህ መለኪያ ከሄድን ደግሞ ከሁሉ የሚጠቅሙት ርካሾቹ ናቸው።

ወደ ልምምዱ ከመግባቴ በፊት ስለ ፈቃድና ስለ ጥንቃቄ መናገር አለብኝ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን የሚከለክል ነው፤ ስለዚህ ይህ ጽሑፍ የሚያገለግለው ፈቃዱ በእጁ ላለ ሰው ብቻ ነው። በጠመንጃ ላይ የሚገጠም ማናቸውንም ዕቃ፣ ወይም የአየር ጠመንጃም ቢሆን፣ ከውጭ አስመጣለሁ የሚል ሰውም አስቀድሞ ፈቃዱን የሰጠውን ፖሊስ ጠይቆ ቢወስን ከብዙ ጣጣ ይድናል።

ያለ ጥይት የሚደረግ ልምምድ አደጋ የለውም ብሎ የሚያስብ ሰው አደጋውን በገዛ እጁ ጠርቶታል፤ ቤት ውስጥ በስሕተት ሰው የሚገድለው ባዶ ነው የተባለው ጠመንጃም ነውና። በእኔ ቤት ጥይቱ ከልምምዱ ክፍል ውጭ በተቆለፈ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ ቁልፉን የምትይዘው ባለቤቴ ናት። ጠመንጃውን ከፍቼ በዓይኔ አያለሁ፣ ከዚያም ጥይት የሚጎርስበትን ቦታ በትንሿ ጣቴ እዳስሳለሁ፤ ክፍሉ ደብዛዛ ሲሆን ዓይን ይሸወዳል፣ ጣት ግን አይሸወድም። ከክፍሉ ወጥቼ በተመለስኩ ቁጥር ይህንኑ እንደገና አደርጋለሁ።

የሚነጣጠርበትን ግድግዳ መምረጥ ደግሞ ብዙ ሰው የማያስብበት ጉዳይ ነው። የጭቃ ግድግዳም ሆነ ብሎኬት የቤልጅግን 7.92 ሚሊሜትር ጥይት ያቆማል ብሎ መተማመን አይቻልም። ደሴ ግን በተዳፋት ላይ የተሠራች ከተማ በመሆኗ ብዙዎቻችን ቤታችንን የሠራነው ተራራውን ቆርጠን ነው፤ የእኔም የጓዳ ግድግዳ ጀርባው የጦሳ ተራራ አፈር ነው። ስለዚህ የምለማመደው ወደዚያ አቅጣጫ ብቻ ነው፣ በስሕተት ጥይት ቢኖር እንኳ የሚገባው ወደ መሬት እንዲሆን። እንዲህ ያለ ግድግዳ የሌለው ሰው በአሸዋ የተሞሉ ጆንያዎችን ደራርቦ ከዒላማው ጀርባ ቢያቆም ይሻለዋል። መጋረጃም መዘጋት አለበት፤ በመስኮት የተነጣጠረ ጠመንጃ ያየ ጎረቤት ልምምድ ነው ብሎ እንዲያስብ አይጠበቅም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። የመጀመሪያውን መለማመጃ ያሳዩኝ አብረውኝ ይሠሩ የነበሩ፣ በሠራዊቱ ውስጥ ሃምሳ አለቃ የነበሩ አዛውንት ናቸው። ዕቃው አንድ ባዶ ቀለህ፣ ማለትም ከተተኮሰ ጥይት የሚቀረው ቅርፊት ነው። ጠመንጃው ባዶ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ይቀባበላል፣ ተኳሹ በደረቱ ተኝቶ ያነጣጥራል፣ ቀለሁም በአፈሙዙ አጠገብ በጠመንጃው ቱቦ ላይ በግርጌው ይቆማል፤ ከዚያ ቃታው ሲሳብ ቀለሁ ሳይወድቅ መቆየት አለበት። ቀለሁን የሚያቆምልኝ ሰው ስለማላገኝ ብቻዬን ስሆን የአንድ ብር ሳንቲም በጠፍጣፋው እጠቀማለሁ፤ ሰደፉን ትከሻዬ ላይ ካደላደልኩ በኋላ አፈሙዙን በትንሽ ጆንያ ላይ አሳርፌ ሳንቲሙን በእጄ ማድረስ እችላለሁ። ከተቃና በኋላ በሳንቲሙ ምትክ በጠርዙ የሚቆም ነገር መሞከር ይቻላል። ሃምሳ አለቃው «አብሽር፣ ጣትህን አታቻኩላት፤ ቃታው መቼ እንደሚለቅ አንተ ራስህ አትወቅ» ይሉኝ ነበር። የቤልጅግ ቃታ መጀመሪያ ልል የሆነ ጉዞ አለው፣ ቀጥሎ ጠንከር ብሎ ይይዛል፣ ከዚያ ይለቃል። ልሉን ክፍል በፍጥነት መጨረስ ምንም ጉዳት የለውም፤ ጠንከር ካለበት በኋላ ያለውን ግን ጫናውን ጥቂት በጥቂት እየጨመሩ መሄድ ያስፈልጋል። ሳንቲሙ የሚወድቀው አብዛኛውን ጊዜ ሰውዬው «አሁን ልክ ነው» ብሎ ቃታውን በቸኮለበት ጊዜ ነው። ለእኔ ይህ ትምህርት በየትኛውም ውድ ዕቃ የሚተካ አልሆነልኝም።

የሳንቲሙ ጉድለት አንድ ብቻ ነው፤ መንቀሳቀሴን እንጂ ወዴት እንደተንቀሳቀስኩ አይነግረኝም። ይህን ለማወቅ የተጠቀምኩት ሰኞ ገበያ አካባቢ ለልጆች መጫወቻ የሚሸጠውን አነስተኛ የሌዘር መብራትና የእጅ ስልኬን ነው። መብራቱን በፕላስተር በአፈሙዙ ግርጌ አስሬ አበራዋለሁ፤ ቀይዋ ነጥብ ግድግዳው ላይ ትታያለች። ስልኩን ከጎኔ አስቀምጬ ካሜራው ግድግዳውን እንዲቀርጽ አደርጋለሁ፤ ስልኩ ቀስ አድርጎ የሚያሳይ የቀረጻ ዘዴ ካለው እሱን መምረጥ ተገቢ ነው። ከዚያም አነጣጥሬ ቃታውን እስባለሁ።

እዚህ ላይ የሚሳሳቱ ሰዎችን ስላየሁ ረዘም አድርጌ ላስረዳ። ሌዘሩን የምናበራው በምንተኩስበት ጊዜ ልናየው አይደለም። ነጥቧን እያየ የሚለማመድ ሰው ዓይኑ ከፊት ማነጣጠሪያው ላይ ተነሥቶ ግድግዳው ላይ ስለሚያርፍ፣ ነጥቧ ወደ መሐል ስትመጣ ቃታውን መንጠቅ ይለምዳል፤ ይህ ደግሞ ሳንቲሙ ሊያስቀርለት የፈለገውን ልማድ መልሶ የሚያስተምር ነው። ዓይን የፊት ማነጣጠሪያው ላይ ይቆይ፣ ነጥቧን ስልኩ ይመልከታት። ልምምዱ ሲያበቃ ተቀምጦ ቀረጻውን በዝግታ ማየት ነው። ነጥቧ ቃታው ከመለቀቁ በፊት ዝም ብላ ትዋልላለች፤ ይህ የማንም ሰው አካል የማያመልጠው ነገር ስለሆነ አያስጨንቅም። የሚያሳስበው ቃታው ቀጭ ሲል ነጥቧ በድንገት ወደ አንድ አቅጣጫ ብትፈናጠር ነው። በእኔ ቀረጻ ነጥቧ ደጋግማ ወደ ታችና ወደ ግራ ትሸሽ ነበር፤ ቀኝ እጄ ሰደፉን ከቃታው ጋር አብሮ ይጨብጥ እንደነበር ያወቅሁት በዚህ ነው። ጭብጤን ከመጀመሪያው አጥብቄ ጣቴ ብቻ እንድትንቀሳቀስ ማድረግ ስጀምር መፈናጠሩ እያነሰ ሄደ። በነገራችን ላይ ሌዘሩን መስታወትና የቴሌቪዥን ፊት ባለበት አቅጣጫ ማብራት አይገባም፤ ተመልሶ ዓይን ይጎዳል፣ በተለይም የልጆችን።

ነጥቧ የሸሸችውን ርቀት ወደ እውነተኛው ተኩስ መተርጎም ቀላል ስሌት ነው። በአምስት ሜትር ላይ አንድ ሳንቲ ሜትር የሸሸ ነጥብ በ100 ሜትር ላይ 20 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። በማነጣጠሪያዎቹ ላይ የሚፈጠረው ስሕተት ደግሞ ከዚህ ይብሳል፤ በፊትና በኋላ ማነጣጠሪያ መካከል ግማሽ ሜትር ያህል ርቀት ባለው ጠመንጃ ላይ የፊት ማነጣጠሪያው ከቦታው በአንድ ሚሊ ሜትር ቢዛባ በ100 ሜትር ላይ ጥይቱ በ20 ሳንቲ ሜትር ይስታል፤ በክላሽ ላይ ርቀቱ 378 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ ያው አንድ ሚሊ ሜትር 26 ሳንቲ ሜትር ያህል ያስታል። አንድ ሚሊ ሜትር በዓይን ሲታይ ምንም ነው። የሰው ዓይን የኋላውን ማነጣጠሪያ፣ የፊተኛውንና ዒላማውን በአንድ ጊዜ አጥርቶ ማየት አይችልም፤ አንዱን መምረጥ ግዴታ ነው። የሚመረጠውም የፊተኛው ነው፤ ዒላማው ትንሽ ቢደበዝዝ የሚያመጣው ጉዳት ጥቂት ነው።

ዒላማውን በሚመለከት ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም። በ100 ሜትር ላይ 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ በዓይን የሚታየውን ያህል መጠን በአምስት ሜትር ላይ የሚሰጠው 15 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ነው፤ ሃያ እጥፍ ማሳነስ ማለት ነው። በነጭ ወረቀት ላይ በጥቁር ስክሪብቶ ሠርቶ ግድግዳው ላይ መለጠፍ ይበቃል። እኔ ለብዙ ጊዜ የሰው ቅርጽ ያለበት ወረቀት ለምን እንደማልለጥፍ ተጠይቄአለሁ። ትንሽ ክብ ዓይንን ያተጋል፤ ትልቅ ቅርጽ ግን «የትም ብመታው መታሁ» የሚል ስንፍና ያሳድራል፤ ልጆች ባሉበት ቤትም የሰው ቅርጽ ላይ ማነጣጠር ማየት ደስ አይልም።

የትኛው ዓይን የበላይ እንደሆነ አለማወቅም ብዙ ሰው በከንቱ ያደክማል። ሁለቱን እጆች ወደ ፊት ዘርግቶ በመዳፎቹ መካከል ትንሽ ቀዳዳ በማበጀት፣ ሁለቱን ዓይኖች ከፍቶ በቀዳዳው ውስጥ ሩቅ ያለ ነገር ማየት፣ ለምሳሌ ጦሳ ላይ ያለ አንድ ዛፍ፤ ከዚያም ዓይኖቹን በየተራ መጨፈን። ዛፉ ከቀዳዳው የማይጠፋበት ዓይን የበላዩ ነው። በቀኝ ትከሻው የሚተኩስ ሰው የበላይ ዓይኑ ግራ ከሆነ ግራውን መጨፈን፣ ወይም ከባሰ ትከሻ መለወጥን ማሰብ አለበት።

ስለ አተነፋፈስ ደግሞ የአገራችን ከፍታ የሚጨምረው ነገር አለ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ስትሆን ኮምቦልቻ በብዙ መቶ ሜትሮች ዝቅ ትላለች፤ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ላይ የተለማመደ ሰው እዚህ ሲመጣ ትንፋሹን ይዞ የሚቆይበት ጊዜ እንዳጠረ ይሰማዋል። መደረግ ያለበት አየሩን በመጠኑ አስወጥቶ፣ ቀጣዩ ትንፋሽ ከመምጣቱ በፊት ሰውነት በራሱ ጸጥ በሚልበት ጊዜ ቃታውን መጨረስ ነው። ያ ጊዜ አልፎ ቃታው ካልተለቀቀ ትንፋሽ ሲታፈን ማነጣጠሪያው መደብዘዝና እጅ መንቀጥቀጥ ስለሚጀምር ጣትን አንሥቶ እንደገና መጀመር ነው እንጂ መታገል አይጠቅምም። አንዲት ነገር ልጨምር፦ ከአቦል እስከ በረካ የጠጣ ሰው ዕለቱን ልምምዱን ቢተወው ይሻለዋል። ወሎ ላይ ይህን ምክር መስጠት እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ነጥቧ ግድግዳው ላይ እንዴት እንደምትንቀጠቀጥ በቀረጻው ያየ ሰው ያምነኛል።

አቀማመጥን ለመፈተን የሚያስፈልገው ዓይንን መጨፈን ብቻ ነው። ካነጣጠሩ በኋላ ዓይንን ጨፍኖ ሁለት ሦስት ጊዜ መተንፈስና መክፈት፤ ማነጣጠሪያው ከክቡ ወጥቶ ከተገኘ በክንድ ጎትቶ መመለስ ሳይሆን መላ ሰውነትን ከወገብ ጀምሮ ማዞር ያስፈልጋል። ማንገቻውን በግራ ክንድ ላይ ጠምጥሞ መወጠር በደረት ተኝቶና ተንበርክኮ ሲተኮስ ብዙ ይረዳል። ቆሞ መተኮስ ከሁሉ ይከብዳል፤ እኔ በእሱ ላይ የማጠፋው ጊዜ ትንሽ ነው፣ ምክንያቱም ተኝቶ ያልተስተካከለ ጣት ቆሞ አይስተካከልም።

ጥይት መሰል የመለማመጃ ጥይቶችን በተመለከተ፣ መርፌው (ቃታው ሲለቀቅ የጥይቱን ግርጌ የሚመታው ብረት) የሚያርፍበት ቦታ ጎማ ወይም ስፕሪንግ ያላቸው አሉ፤ መርፌው ባዶ እንዳይመታ ይከላከላሉ። ቤልጅግን በመሰሉ መርፌያቸው የጥይቱን መሐል በሚመታ ጠመንጃዎች ላይ በመጠን ባዶውን ቃታ መሳብ ብዙም አይጎዳም፤ መርፌው የጥይቱን ጠርዝ በሚመታባቸው አነስተኛ ካሊበር ጠመንጃዎች ላይ ግን ብረቱ ብረት ስለሚመታ ያለ መከላከያ መሳብ አይገባም። ከእውነተኛ ጥይት ባሩዱን አፍስሶ የመለማመጃ ጥይት የሚሠሩ ሰዎች አሉ፤ እኔ ይህን ፈጽሞ አልመክርም። መልኩ ከእውነተኛው ስለማይለይ አንድ ቀን መቀላቀሉ አይቀርም።

በአንድ የልምምድ ቀን አሠልጣኛችን በጥይት መልክ የተሠራ የሌዘር መለማመጃ በሽጉጥ ውስጥ አስገብቶ አሳይቶናል። መርፌው ግርጌውን ሲመታ ለቅጽበት ብርሃን ይረጫል፤ ያረፈበትንም ስልክ ላይ በተጫነ ፕሮግራም መመዝገብ ይቻላል። ጥሩ ነገር ነው፤ ነገር ግን የሚያሳየው ቃታው በተለቀቀበት ቅጽበት ያለውን ቦታ ብቻ ነው፤ ሳያቋርጥ የሚበራው ርካሽ መብራት ግን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ያለውን መንገድ ያሳያል። በጠመንጃው ላይ ተገጥመው እንቅስቃሴውን ለክተው ወደ ስልክ የሚልኩ እንደ ማንቲስ ያሉ መሣሪያዎች፣ እንዲሁም የውድድር ተኳሾች የሚጠቀሙበት ስካት የተባለው መሣሪያ ይህን መንገድ በትክክል ይሥላሉ። ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኦሎምፒክ የሚካሄደው የ10 ሜትር የአየር ጠመንጃ ውድድር ላይ የአሥር ነጥቡ ክብ ስፋቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ ለእነዚያ ተወዳዳሪዎች ይህ ልኬት ያስፈልጋቸዋል። የጥበቃ ሠራተኛ ግን ያንን ገንዘብ ለጥይት ቢያውለው የተሻለ ይመስለኛል።

ልምምዱ አጭር ቢሆን ይመረጣል። ጣት ሲደክም መጥፎ ልማድ ይገባል፤ ስለዚህ ከሩብ ሰዓት በላይ አልቆይም፣ በየቀኑ ለማድረግ ግን እጥራለሁ። በክረምት፣ ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ከቤት ሳንወጣ በምንውልበት ወቅት፣ ከሁሉ የሚመች ጊዜ ነው። ሲያበቃ «አበቃ» ብዬ ጮክ ብዬ እናገራለሁ፣ የዒላማውን ወረቀት ከግድግዳው እነቅላለሁ፣ ጠመንጃውን ቆልፌ አስቀምጣለሁ፣ ከዚያ በኋላም በዚያ ቀን «አንዲት ብቻ ልጨምር» አልልም። ጠመንጃው እንደገና ከጎረሰ በኋላ ልምምዱን መቀጠል ብዙ ቤት ያፈረሰ ነገር ነው።

እነዚህ ሁሉ የማያስተምሩት ነገር ርግጫውን መልመድ ነው። ቤልጅግ ይራገጣል፤ ድምፁም ጆሮ ይሰብራል። ስለዚህ በተፈቀደው የልምምድ ቀን የጆሮ መከላከያ ማድረግ የግድ ነው፣ ሌላ ካልተገኘም የፋርማሲው የጆሮ ሶኬት። አሠልጣኙ ከፈቀደ ደግሞ አንድ ወይም ሁለት የመለማመጃ ጥይት ከእውነተኞቹ ጋር ቀላቅሎ ሳያዩ ጠመንጃውን ማጉረስ ነው። የትኛው እንደሚቀጥል ስለማይታወቅ የመለማመጃው ተራ ሲደርስና ቃታው ቀጭ ብሎ ሲቀር እውነቱ ይገለጣል፤ አፈሙዙ ወደ ታች ካጎነበሰ ሰውዬው ርግጫውን ቀድሞ እየሸሸ ነው ማለት ነው። ወደ ልምምድ ቀኑ ስሄድ ማስታወሻ ደብተር እይዛለሁ፤ እያንዳንዱ ጥይት ወዴት የሄደ እንደመሰለኝ ወረቀቱን ከማየቴ በፊት እጽፋለሁ፣ ከዚያ ከቀዳዳዎቹ ጋር አስተያያለሁ። ግምቴና ቀዳዳው ከተስማሙ ዓይኔ ቃታው ሲለቀቅ ማነጣጠሪያው ላይ ነበረ ማለት ነው።

ቀዳዳዎቹ ተበታትነው አፈሙዙም ካጎነበሰ ለቀጣዮቹ ሳምንታት ወደ ሳንቲሙና ወደ ቀረጻው እመለሳለሁ። ቀዳዳዎቹ በአንድ ቦታ ተሰብስበው፣ አፈሙዙ ሳያጎነብስ፣ ነገር ግን ከመሐል ርቀው ከተገኙ ችግሩ የጣት አይደለም፤ ያን ጊዜ ማነጣጠሪያውን በመዶሻ ከመነካካት ይልቅ ወረቀቱን ይዞ መሣሪያ ለሚጠግን ባለሙያ ማሳየትና የፊተኛውን ማነጣጠሪያ በልኩ ማስገፋት ይሻላል፤ የማነጣጠሪያው ጫፍ የሚገፋው ጥይቶቹ ወደሸሹበት አቅጣጫ ነው።